«በኢ» የተባለችው ቡችላዬ ናት፤ እርስዎ አይደሉም

ለተከበሩ ጓድ ሆርዶፋ ኤጄታ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
አምቦ

ሚያዝያ 1982 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንዴት ሰነበታችሁ እያልኩ፣ በተለይም ባለፈው ሰኞ ከቤቴ በጥድፊያ ሲወጡ የደጃፌ ድንጋይ ለነካው ቁርጭምጭሚትዎ ፈጣን ፈውስ እመኛለሁ። ድንጋዩ እኔ ቤቱን ከመከራየቴ በፊት ጀምሮ እዚያው ያለ ስለሆነ በእርስዎ ላይ የተለየ ቂም የያዘ አይመስለኝም። እኔን ቢጠይቁኝ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በጽሕፈት ቤትዎ በር ሥር ማሾለክ ስችል በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የምለጥፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ስብሰባ ላይ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሌላው እጁን ሲያወጣ እጄን የማወጣ ሰው መሆኔን ያውቃሉ። ነገር ግን ባለፈው ወር ስብሰባ፣ ቅሬታ ያለው ሰው በየአጥሩ ሥር ከሚያንሾካሹክ ጽፎ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ፣ ጊዜው የግልጽነት ነው ብለው ስለመከሩን፣ ሰሌዳውም እስከ ዛሬ ድረስ ስኳር የሚታደልበትን ቀንና በዚያ ቀን ስኳር ያለመምጣቱን ከሚገልጹ ወረቀቶች በቀር ምንም ስላልተለጠፈበት፣ ምክርዎ ሜዳ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ብዬ ነው። ፊደል የለየሁት ከሱቅ በሚመጣ የጨውና የስኳር መጠቅለያ ላይ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሬን መሃሉ ላይ ተቀዶ ቢያገኙት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ እኔም ብዙውን ጽሑፍ መጨረሻውን ሳላውቅ ነው ያነበብኩት።

ቆመው የሚያነቡ ጎረቤቶች ግራ እንዳይገባቸው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ልጄ አዱኛ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የእርሻ ጣቢያ ለአንድ የውጭ አገር ባለሙያ ቤተሰብ አትክልተኛ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሰዎቹ ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቤቱ እመቤት ከትንሿ ውሻቸው ከተወለዱት አንዷን ሰጡት፤ አድጋ ስትጨርስም ከአንድ ወፍራም ዶሮ እንደማትበልጥ በምልክት ነገሩት። አዱኛ ጢቆ አላት። በኦሮምኛ ትንሽ ማለት መሆኑን የምተረጉመው እርስዎ ምናልባት ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

እንዲህ ያለችውን በቤት ውስጥ ለማሳደግ ሥርዓት አለው፤ ሴትዮዋ በቋንቋ ስለማይግባቡ በእጃቸው እያሳዩ አስተማሩት። አዱኛ ሁለት የማዕድን ውሃ ጠርሙስ ሳጥኖች አምጥቶ መከፋፈያቸውን አወለቀና አንድ ላይ ገጠማቸው፤ በወንፊት ሽቦ በር ሠራላቸው፤ አሮጌ ጋቢዬን ቀዶ አነጠፈበት። ቡችላ በምትተኛበት ቦታ ላይ መሽናት አትወድም። ስለዚህ ሳጥኑ ለመተኛትና ለመገላበጥ የሚበቃ ብቻ ይሁን እንጂ ሰፊ አይሁን፤ ከሰፋ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ጥግ ሽንት ቤት ታደርገዋለች። የሚጠብቃት ሰው በሌለበት ሰዓት ትገባለች፤ ስትነቃና በልታ ስትጨርስ ሳይዘገዩ ወደ ባሕር ዛፉ ሥር ያወጧታል፤ እዚያ ከሸናች ወዲያው ትመሰገናለች፤ ቤት ውስጥ ካመለጣት ወለሉ በሎሚ ይታሻል እንጂ እሷ አትመታም። የምታውቀው ሁለት ቃል ነው። ወደ ሳጥኗ ለማስገባት «ገሊ»፣ ወደ ውጭ ለማውጣት «በኢ»። በቤታችን የምንነጋገረው በኦሮምኛ ስለሆነ ሌላ ቋንቋ እንድትማር አልጠየቅናትም።

ትምህርቱ እኩሌታ ላይ ሳለ አዱኛ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ስሙን በአዳራሹ ውስጥ በጥሩና በማይንቀጠቀጥ ድምፅ ያነበቡት እርስዎ ስለነበሩ በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ የሌላ ሰው ልጅ ስም ሲነበብ ድምፅ እንደማይንቀጠቀጥ ያን ቀን ነው የተማርኩት። ሲሄድ እናቱን እንደሚጠራኝ «አዮ፣ ብታስቸግርሽም አትምቻት፤ እኔ እስክመለስ ሳጥኗን ትልመድ» አለኝ። ለራሱ ምንም አልጠየቀኝም። እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንሶላ ከማጥብበት ሆቴል በምሳ ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ «በኢ» እላታለሁ፤ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ «ገሊ» ብያት እየሮጥኩ እመለሳለሁ። የእኔን ምሳ ብዙውን ጊዜ የሚበላው መንገዱ ነው። ቅሬታዎቼን እነሆ።

አንደኛ፤ የአብዮት ጥበቃውን የጓድ ተሬፋን ጆሮ ይመለከታል። ቡችላ ሳጥኑን እስክትለምድ ታለቅሳለች፤ ባለቀሰች ቁጥር በሩ ከተከፈተላት ደግሞ ለቅሶ ቁልፍ መሆኑን ትማራለች። እኔም በሩን ሳልከፍትላት ሰነበትኩና፣ አንድ ጠዋት ጎረቤቴን ወይዘሮ እታገኝን አጥር ላይ አግኝቼ፣ «ዘግቼባት አደርኩ፤ አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ተኛች፤ ዛሬ ግን አልረጠበችም» አልኳት። እሷም «አበጀሽ፤ በለቅሶዋ ከተሸነፍሽላትማ ጌታሽ ትሆናለች፤ እኔ የራሴን ልጆች ያበላሸኋቸው እንደዚያ ነው» አለችኝ። ጓድ ተሬፋ በዚያን ሰዓት ከአጥሩ ማዶ ያልፍ ነበር። ባለፈው ክረምት ሌባ የአጥሬን ቆርቆሮ በመዶሻ እየነቀለ ሲወስድ ምንም ያልሰማው ያ ጆሮ፣ የሁለት ሴቶችን የጠዋት ወሬ አንዲት ቃል ሳያጎድል ይዞ ጽሕፈት ቤትዎ ደረሰ፤ እኔ አመለሸጋ አንዲት ልጅ በቤቴ ውስጥ አስሬ እንደማሰቃይ ተነገረ። ለዚያች ላልነበረች ልጅ ያሳዩትን ርኅራኄ ከልብ አመሰግናለሁ። ከእናቷ ስለተለየች ልጅ ማኅበሩ እንዲህ ሲጨነቅ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፤ የሰኞውን ጉብኝት ይመለከታል። እርስዎ ራስዎ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር በበሬ ጎንበስ ብለው ሲገቡ፣ ለጣሪያው ማፍሰስ ያስገባሁትን ማመልከቻ ያነበቡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። «ልጅቷ የታለች?» አሉኝ። «የትኛዋ ልጅ?» ብልዎ «ያሰርሻት» አሉኝ። እጄን ወደ ሳጥኑ ዘረጋሁ። ጓድ ተሬፋ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተንበረከከና በሽቦው ቀዳዳ ሲመለከት ቆይቶ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ እኮ ጢም አላት» አለ። ሁለተኛው ጠባቂ ጓድ ሌታ ጣቱን አስገብቶ ሊነካት ሲል ነከሰችው፤ ሳቁንና ሕመሙን አንድ ላይ በሳል ሸፈነው። እርስዎም ያን ጊዜ ቢስቁ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እኔም ዛሬ ይህን ከመጻፍ ጋደም እል ነበር።

ነገር ግን ጢቆ ነቅታለች። የነቃች ቡችላ ደግሞ ፋታ አትሰጥም። ሽቦውን ከፈትኩና እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ «በኢ» አልኩ። እርስዎ በዚያ ቅጽበት በሳጥኑና በበሩ መካከል ቆመው ነበር። ወጡ። ከቡችላዋ ቀድመው ነው የወጡት፤ እሷን ይህን ቃል ለማስለመድ የፈጀብኝን ጊዜ ሳስብ፣ እርስዎ ያለ ሳጥንና ያለ ጉርሻ በአንድ ጥሪ መስማትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ድንጋዩም ቁርጭምጭሚትዎን ያገኘው ያኔ ነው። ጢቆ ተከትላ ወጣች፤ ውጭ መሆኗን በአፍንጫዋ አረጋገጠች፤ የቆሙበት ቦታም ተስማማት። የተማረችው ውጭ እንድትሸና እንጂ ከሰው ጫማ ርቃ እንድትሸና አይደለም፤ ያ ትምህርት ገና አልደረሰም። እኔ ደግሞ፣ ውጭ ስትሸና ወዲያው ማመስገን ደንብ ስለሆነ፣ አፌ ከልቤ ቀድሞ «ጎበዝ፣ የኔ ቆንጆ» አለ። ምስጋናው ለጫማዎ ታስቦ እንዳልነበር በዚህ በሰፊው ሕዝብ ፊት አረጋግጣለሁ።

ሦስተኛ፤ ክሱን ይመለከታል። በማግሥቱ ተጠርቼ የተነበበልኝ ክስ «ሊቀመንበሩን በማያውቁት ቋንቋ ከቤት አባራለች» የሚል ነው። አንሶላ እያጠብኩ ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አሰብኩት፤ ሰው የማያውቀው ቃል በዚያ ፍጥነት ከቤት ሊያስወጣው እንደሚችል እስከ ዛሬ አልሰማሁም ነበር። ጎጆ ከተማ ተወልደው ያደጉ መሆንዎን፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ ግን ኦሮምኛው እንደጠፋብዎት ሁላችንም እናውቃለን። ጠባቂዎቹም በሥራ ላይ ሳሉ ከአማርኛ ሌላ እንዳይናገሩ ማዘዝዎን እናውቃለን፤ ትእዛዙ የሚነሣው በገበያ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ቀን እናትዎ አዴ ሲንቄ በዚያ ብርድና በዚያ መንገድ ድንች አስጭነው ከጎጆ ይመጡና በኦሮምኛ ሲነግሩዎት፣ ጓድ ተሬፋ መሃል ቆሞ ወደ አማርኛ ያዞርልዎታል፤ እርስዎ የሚመልሱላቸውንም ለእሳቸው ያዞርላቸዋል። እኛ የስኳር ሰልፍ ላይ ሆነን ይህን ስናይ ሌላ ቦታ እንመለከታለን። አዴ ሲንቄ «ልጄን በምን አማርኛ እንዳዘልኩት እንጃ» ሲሉ የሰማ ሰው አለ። ስለዚህ ከጠፋው ቋንቋዎ ቢያንስ አንድ ቃል ሰኞ ዕለት በቤቴ መገኘቱን ለእናትዎ እንደ ምሥራች ይነግሩልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

አክብሮት በማጉደል የተባለውንም አልቀበልም። ቃሉ ለእርስዎ ታስቦ ቢሆን ኖሮ «በኣ» እል ነበር። እኛ ትልቅ ሰው የምናስወጣው በአንቱታ ነው።

አራተኛ፤ ከሳጥኑ በር ሥር የተገኘው የረጠበ ጋዜጣ በክሱ ላይ ተጨምሯል። የማነጥፈው ከሥራ ስዘገይ ምናልባት ካመለጣት ብዬ ነው። ገጹ ላይ ምን እንደነበረ ተጠይቄያለሁ። ሳላነብ ያነጠፍኩት ወረቀት የለም፤ የመሪዎቻችን ፎቶግራፍ ያለበትን ሁሉ እየቆረጥኩ ለብቻው አስቀምጣለሁ። የዚያን ቀኑ የዘንድሮው እህል ካምናው እጅግ መብለጡን የሚያትት ነበር። ቡችላዋ ስለ ምርቱ ያላትን አስተያየት እኔ አላስተማርኳትም።

አምስተኛ፤ ውሳኔውን ይመለከታል። ውሻ በቤት ውስጥ ማሳደግ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ስለሆነ ጢቆ ወይ በሰንሰለት ታስራ ውጭ ታድራለች፣ ወይ ቅዳሜ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ቀርባ ከባዘኑት ውሾች ጋር መርዝ ያለበት ሥጋ ይሰጣታል ተብያለሁ። ምርጫ መስጠትዎ ትልቅ ቸርነት ነው። ከሁሉቃ ወንዝ እየወጣ ሰፈራችንን የሚዞረው ጅብ የኦቦ ገቢሳን ጥጃ ከበረት አውጥቶ የበላ ነው፤ ጢቆ ለእሱ አንድ ጉርሻ አትሞላም። ስለዚህ የተሰጠኝ ምርጫ ወይ ሥጋ እንድትሆን ወይ ሥጋ እንድትበላ ነው። ከበርቴነቴን በተመለከተ፣ ባለ አንድ ክፍሉ ቤቴ የማያፈስ ጥግ ያለው አንድ ብቻ ሲሆን እሱንም የያዘው ሳጥኗ ነው፤ ከበርቴ ካስፈለገ እሷ ትባል። እኔ አልጋዬ ላይ ሳፋ ይዤ አድራለሁ።

ሸነን የምትኖረው እህቴ አሰፋሽ ወደ እኔ ላኪልኝ ብላኛለች። ወይዘሮ እታገኝም «ሞተች በይና በቅርጫት ሸፍነሽ አሳልፊያት፤ ማን ይፈትሻል» ትለኛለች። ሁለቱም ለእኔ አስበው ነው። እኔ ግን ልጄን እሺ ያልኩት ሳጥኗን ላስለምዳት እንጂ በቅርጫት ላሸሻት አልነበረም፤ ምንም የሠራችው ጥፋት የለምና የምትሸሸው ከምን እንደሆነ ላስረዳው አልችልም። ባለፈው ሳምንት ከማሠልጠኛው ደብዳቤ ጽፎልኛል። የእኔን ጤና ከመጠየቁ በፊት «ጢቆ ሳጥኗን ለመደች ወይ?» ይላል። ለምዳለች። «ገሊ» ስላት ራሷ ገብታ አፍንጫዋን ጋቢው ውስጥ ትቀብራለች፤ ወለሉን በሎሚ ካሸሁ ሰንብቻለሁ፤ መውጣት ስትፈልግ ሽቦውን አንዴ ቧጨር አድርጋ ትጠብቃለች እንጂ አታለቅስም። ይህን ልጽፍለት ብዕር አንስቼ ቅዳሜን አስታወስኩና መልሼ አስቀመጥኩት። እዚያ ያለ ልጅ የውሸት ደብዳቤ አይጻፍለትም።

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤ ቅዳሜ ይዣት አልመጣም። ይህን እንደ አመፅ እንዳይቆጥሩብኝ፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎ ነው። በሬ ግን ክፍት ይሆናል፤ ማንም እንዳይደክም ሁኔታውን አስቀድሜ ላስረዳ። ሳጥኑን አዱኛ ከግድግዳው ምሰሶ ጋር በሚስማር ስለመታው ከቦታው አይነቃነቅም። እጅ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ ጓድ ሌታ በጣቱ ያውቀዋል። ጢቆ ሳትፈራና ሳትነክስ የምትወጣው በአንድ ቃል ብቻ ነው። ያንን ቃል እኔ ቅዳሜ አልናገረውም። ጠባቂዎቹ በሥራ ላይ ሳሉ እንዳይናገሩት እርስዎ ከልክለዋል። እንግዲህ የሚቀረው ሰው አንድ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ እርስዎ ራስዎ ይመጣሉ። ከሳጥኑ ፊት ዝቅ ይላሉ፤ ሽቦውን ይከፍታሉ፤ በእናትዎ ቋንቋ አንድ ጊዜ «በኢ» ይሏታል። ጮክ ማለት አያስፈልግም። ይህ ቃል ከተወለደች ጀምሮ ከጥላና ከምስጋና በቀር ወደ ሌላ ነገር ወስዷት ስለማያውቅ ጅራቷን እየቆላች ትወጣለች፤ ባሕር ዛፉ ሥር ሄዳ የምትሠራውን ትሠራለች፤ ከዚያም እንድትመሰገን ዞራ ዓይንዎን ታያለች። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉትን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ለልጄም ያየሁትን እጽፋለሁ።

ለእርስዎ ዕድሜን፣ ለቁርጭምጭሚትዎ ምሕረትን፣ ለጫማዎ ደረቅ ወራትን እየተመኘሁ፣ በኪራይ ቤትዎ፣ በሰልፍዎና በስብሰባዎ ሁሉ ከማይጎድሉት መካከል አንዷ ሆኜ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አመለሸጋ ጉደታ
የአዱኛ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጽሕፈት ቤቱ አጥር ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር፣ ከስብሰባ ሲወጡ ተደርድረው የሚሸኑትን ጓዶች በተመለከተ ማኅበሩ እንደተቸገረ ሰምቼ ሳጥኑን ላውስ አስቤ ነበር፤ ልካቸው ስላልሆነ ተውኩት። ዘዴውን ግን በነፃ እሰጣለሁ፤ በልተውና ጠጥተው እንደጨረሱ ሳይዘገዩ ማውጣት፣ አለመምታት፣ በቦታው ሲያደርጉት ማመስገን ነው። ጢቆ ማንበብ ሳትችል ገብቷታል። እነሱ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አላቸው።